ያልተሰበረ መስታወት ሁሉ ሰው አያድንም፦ ስለ እሳት መቋቋሚያ መስታወት ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለገበያ ማዕከልና ለመሰል የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች እሳት የሚቋቋም መስታወት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ በግንባታ ባለሙያዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ 12 ሚሊ ሜትር ተምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ለደረጃ ቤት ጭምር ይበቃል፤ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሽቦ ያለውን መስታወት ይጠቀም፤ ፍሬሙ የተለመደው አሉሚኒየም ቢሆን ለውጥ አያመጣም፤ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሣ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ) የተገጠመለት ሕንፃ የእሳት መስታወት ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ሙቀት የሚያግደው ዓይነት ዋጋው የማይቀመስ በመሆኑ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው። ጸሐፊው በዚህ ሳያበቁ የሕንፃ ውስጥ አደባባዮችን ጣሪያ በፕላስቲክ መሸፈን እንደሚሻል፣ ሕንፃዎቻችንም ከኮንክሪትና ከብሎኬት የተሠሩ ስለሆኑ እሳት ብዙ እንደማያሰጋቸው ይናገራሉ።

ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ መስታወት የለበሰ አዲስ ሕንፃ በቆመ ቁጥር ስለ ውበቱና ስለ ዋጋው የሚጠየቀውን ያህል ስለ እሳት ሲጠየቅ አይሰማም። ነገር ግን ከሰጧቸው ምክሮች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፤ አንዳንዶቹም የሰው ሕይወት የሚያስከፍሉ ናቸው። በግንባታ ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለሁ በመሆኔ እንዲህ ያለ ምክር ምን ያህል በፍጥነት ወደ ሥራ ዝርዝርና ወደ ጨረታ ሰነድ እንደሚገባ አውቃለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥብ ተምፐርድ መስታወትን ይመለከታል። ጸሐፊው «ከ600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ አልፎ የተሠራ ስለሆነ እሳትን ይቋቋማል» ይላሉ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ማለፉ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። መስታወቱ 620 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሞቀ በኋላ በሁለቱም ገጹ ላይ በሚነፋ አየር በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የውጭው ገጽ ተጨምቆ፣ የውስጡ ተወጥሮ ይቀራል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ የታመቀ ውጥረት ነው። ሰው ቢጋጨው በቀላሉ አይሰበርም፤ ቢሰበርም እንደ ጠጠር ደቅቆ ስለሚወርድ ሥጋ አይዘለዝልም። ለመደብር በርና ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ የሆነውም ለዚህ ነው።

እሳት ሲነሣ ግን ይኸው ውጥረት ያጠፋዋል። ተራ መስታወት በሞቀውና ባልሞቀው ክፍሉ መካከል የ40 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲፈጠር ይሰነጠቃል፤ ተምፐርዱ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይታገሣል። በሚቃጠል ክፍል ውስጥ ከአንዱ ልዩነት ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጀው ደቂቃዎችን ብቻ ነው። መስታወትና በር የሚፈተሹበት ምድጃ የሚከተለው የሙቀት መስመር በ5 ደቂቃ 576፣ በ10 ደቂቃ 678፣ በ30 ደቂቃ 842፣ በአንድ ሰዓት 945 ዲግሪ ይደርሳል። ተራው መስታወት ሲሰነጠቅ ቁራጩ ለጥቂት ጊዜ ፍሬሙ ላይ ሊቆይ ይችላል። ተምፐርዱ ሲሄድ ግን ባንድ ጊዜ ይዘረገፋል፤ ግድግዳ የነበረው ቦታ ባዶ ይሆናል። ውፍረቱን ከ10 ወደ 12 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ይህን አይለውጥም። በልዩ አሠራር ተመርቶ ነበልባልን 30 ደቂቃ ለማገድ የተፈተሸ ተምፐርድ መስታወት በዓለም ገበያ መኖሩን አልክድም። ይህ ግን የምርመራ ሰነድ ያለው ሌላ ዕቃ እንጂ ጸሐፊው የሚያወሩለት፣ ከማንኛውም የመስታወት ነጋዴ የሚገዛው 12 ሚሊ ሜትር አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ የሁሉም ሥር ነው። ጸሐፊው ሽቦ ያለውን መስታወት ያሞገሱት «በእሳት ጊዜ ቢሰነጠቅም ስለማይወድቅ እሳቱን አግዷል ማለት ነው» በሚል ነው። ሽቦው የተሰነጠቀውን መስታወት አንድ ላይ ይዞ ነበልባልና ጭስ እንዳያልፍ ማድረጉ ትክክል ነው። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዘመን በዓለም ዙሪያ አገልግሏል። ዳሩ ግን ሁለት ነገር ተዘንግቷል።

አንደኛው፣ ሽቦ መስታወቱን አያጠነክረውም። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ሽቦ ያለው ተራ መስታወት ሽቦ ከሌለው ይልቅ በቀላሉ ይሰበራል። የትምህርት ቤት ኮሪደር በር ላይ ተማሪ በእጁ ገፍቶ ሲሰብረው ክንዱ በተቆራረጠው ሽቦና በስለታሙ መስታወት መካከል ይገባል፤ ደንግጦ ሲስበው ጅማቱ ይበጠሳል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጉዳቶች ስለበዙ ዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ ከ2006 እ.ኤ.አ. እትሙ ወዲህ ሰው ሊጋጨው በሚችል ቦታ ሁሉ ተራውን ባለ ሽቦ መስታወት ከልክሏል። ለትምህርት ቤት እንዲገጠም ዛሬ መምከር እነዚያ ልጆች የከፈሉትን ዋጋ የእኛ ልጆች እንደገና እንዲከፍሉት ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። እሳት በነበልባልና በጭስ ብቻ አይጓዝም፤ በጨረርም ይጓዛል። ጥርት ያለ መስታወት፣ ሳይሰበርም ሆኖ፣ ከእሳቱ የሙቀት ጨረር ትልቅ ድርሻ ወደ ማዶ ያሳልፋል። አንድ ሆቴል አስቡ። የምግብ አዳራሹ ከኮሪደሩ የሚለየው ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርስ መስታወት ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ ወደ አደጋ ጊዜ መውጫው የሚያደርሰው ብቸኛ መንገድ ነው። አዳራሹ ይቃጠላል፣ መስታወቱ ቆሟል፣ ነበልባልም አላለፈም። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የምታሳርፈው ኃይል አንድ ኪሎዋት ያህል ነው። 2.5 ኪሎዋት ሲደርስ የተገለጠ ቆዳ ብዙ መታገሥ አይችልም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳዩ የሰከንዶች ይሆናል። 12.5 ኪሎዋት አካባቢ ሲደርስ አጠገቡ ፍንጣሪ ያገኘ እንጨት ይቀጣጠላል። በዚያ ኮሪደር ልጅዋን አዝላ የምትወጣ እናት መስታወቱ አለመሰበሩ ምንም አይጠቅማትም፤ ማለፍ አትችልም።

የአውሮፓ መመዘኛ መስታወትን በሦስት የሚከፍለው ለዚህ ነው። «ኢ» (E) ተብሎ የሚመደበው ነበልባልንና ትኩስ ጋዝን ብቻ ያግዳል። «ኢ ደብሊው» (EW) የተባለው ጨረሩንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከመስታወቱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ እስከ 15 ኪሎዋት ድረስ ይፈቅዳል። ከላይ ካስቀመጥኋቸው አኃዞች ጋር ሲነጻጸር ይህ ሰው በአጠገቡ የሚያልፍበት መጠን አይደለም። «ኢ አይ» (EI) የሚባለው ብቻ ነው ሙቀቱን ራሱን የሚያግድ። እሳት በሌለበት በኩል ያለው የመስታወቱ ገጽ በተፈተሸበት ጊዜ ሁሉ ከመነሻው ሙቀት በአማካይ ከ140፣ በየትኛውም አንድ ነጥብ ደግሞ ከ180 ዲግሪ በላይ መጨመር የለበትም። ይህ የሚሆነው በመስታወቶቹ መካከል ባለው የሲሊኬት ንብርብር ወይም ጄል ነው። በተለመደው የንብርብር ዓይነት መስታወቱ 120 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ንብርብሩ አረፋ ሆኖ ያብጣል፤ ነጭ ሆኖም ይደፈናል። ከማዶ ያለው ሰው እሳቱን እንኳ ማየት ያቆማል። ጸሐፊው እነዚህን ሦስቱን «የእሳት መስታወት» ብለው በአንድ ላይ ጠቅልለው፣ ከመካከላቸው ርካሹን መርጠዋል።

ምርጫው መነሣት ያለበት ከቦታው ነው። ሰው በአጠገቡ ማለፍ ወይም መጠበቅ አለበት ወይ? የደረጃ ቤት፣ ወደ ደረጃ የሚያደርስ ኮሪደር፣ የሊፍት መጠበቂያ፣ በሆስፒታል ውስጥ አንዱን የሕሙማን ክፍል ከሌላው የሚለይ ግድግዳ ላይ «ኢ አይ» ያስፈልጋል፤ እሳቱን የሚቋቋምበት ደቂቃም ከግድግዳው ማነስ የለበትም። በተለይ ሆስፒታል። ቀዶ ሕክምና ላይ ያለን ወይም በኦክስጅን የሚተነፍስን ሰው በደረጃ ተሸክሞ ማውረድ አይቻልም፤ አልጋው እየተገፋ በዚያው ወለል ወደሚቀጥለው ክፍል ነው የሚሸሸው። ያን ክፍል ከእሳቱ የሚለየው መስታወት ሙቀት ካሳለፈ የሸሸው ወደ ሌላ ምድጃ ነው። በአንጻሩ ከበር በላይ ከፍ ብሎ ላለ መስኮት፣ በገበያ ማዕከል ጣሪያ ሥር ጭስ ለማገድ ለሚንጠለጠል መስታወት «ኢ» ሊበቃ ይችላል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ሦስተኛው «ፍሬሙ ማንኛውም አሉሚኒየም ይሁን» የሚለው ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። የምርመራውን መስመር መለስ ብሎ ያየ ሰው ምድጃው እዚያ የሚደርሰው 10 ደቂቃ ሳይሞላ መሆኑን ያገኘዋል። የአንድ ሰዓት መስታወት በአሥር ደቂቃ ፍሬም ውስጥ ከተገጠመ የተገዛው የአሥር ደቂቃ ግድግዳ ነው። በሆዱ ሙቀት ማገጃ ተሞልቶ፣ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተፈተሸ የአሉሚኒየም ፍሬም አለ፤ በየአሉሚኒየም ቤቱ የሚቆረጠው ግን እሱ አይደለም። የለመድነው ኤልቲዜድ የተባለው የብረት ፍሬም ባይቀልጥም ይጣመማል፣ ሙቀቱንም ወደ ማዶ ያሻግራል፤ በስቱኮ የተያዘ መስታወት ደግሞ አብሮት አይጣመምም።

የምርመራ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ለመስታወቱ ለብቻው አይደለም። ለመስታወቱ፣ ለፍሬሙ፣ ለጎማው፣ መስታወቱን ለሚይዘው ዘንግ፣ ለብሎኑ አቀማመጥ፣ ለሚታሰርበት ግድግዳ ዓይነትና ለተፈተሸው ከፍተኛ መጠን በአንድ ላይ ነው። 1.2 በ2 ሜትር የተፈተሸን መስታወት 2 በ3 ሜትር አድርጎ ማስገጠም ሰርተፍኬቱን ወረቀት ብቻ ያደርገዋል። መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት እንኳ ለውጥ ያመጣል፤ ነበልባል ብቻ ለሚያግዱት ዓይነቶች ጠርዙ ከልክ በላይ ከተቀበረ፣ መሃሉ ሲግል ጠርዙ ቀዝቃዛ ስለሚሆን በዚሁ ልዩነት ይሰነጠቃል።

አንድ የጤና ተቋም ግንባታ ላይ ያየሁት ይህን ያሳያል። የደረጃ ቤቱ መስታወት በትክክል ተመርጦ፣ ከውጭ መጥቶ፣ ጥግ ላይ የማይፋቅ የአምራቹ ምልክት ታትሞበት ነበር። የሥራ ዝርዝሩ ግን ስለ ፍሬሙ አንድ ቃል አልጻፈም። ገጣሚው ፍሬሙን በሌላ ልክ ሠርቶት ስለነበር መስታወቱ አልገባ አለው፤ ግራይንደሩን አንሥቶ ጠርዙን ይሞርድ ጀመር። እንዲህ ያለ መስታወት ሳይት ላይ አይቆረጥም፣ አይሞረድም። ዙሪያውን የሚዞረው ብርማ ቴፕ ንብርብሩን ከእርጥበት የሚጠብቅ ነው፤ ቴፑ እንደ ጥብጣብ ተልጦ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ሠራተኛው የማሸጊያ ልጣጭ መስሎት እንደሆነ ነገረኝ፤ ማንም ስላላስረዳው አልፈርድበትም። እርጥበት የገባበት ንብርብር ከጠርዙ ጀምሮ እየነጣና አረፋ እየያዘ ይሄዳል። ያ መስታወት ተነሥቶ በሌላ ተተካ፤ የጠፋው ገንዘብ ግን ከመጀመሪያው ስለ ፍሬሙ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር።

አራተኛው ስፕሪንክለር ነው። ጸሐፊው ስፕሪንክለርን ማድነቃቸው ተገቢ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ በዋን ሜሪዲያን ፕላዛ ሕንፃ ከ22ኛው ፎቅ የተነሣውና ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የገደለው ቃጠሎ በመጨረሻ የተገታው 30ኛው ፎቅ ላይ በነበሩ ጥቂት ስፕሪንክለሮች ነው። ነገር ግን «ስፕሪንክለር ካለ የእሳት መስታወት አያስፈልግም» ማለት ሌላ ነገር ነው። በሎስ አንጀለስ የፈርስት ኢንተርስቴት ባንክ ሕንፃ ሚያዝያ 26 ቀን 1980 ዓ.ም. ሌሊት ሲቃጠል የስፕሪንክለሩ ቧንቧ በአብዛኛው ተዘርግቶ ነበር። ከማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ግን ቧንቧው ተዘግቶ ነበር። እሳቱ ከ12ኛው ፎቅ ተነሥቶ መስኮቶቹን እየሰበረ፣ በውጭ በኩልም ወደ ላይ እየወጣ፣ በወለሉና በመስታወቱ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተትም እየሾለከ እስከ 16ኛው ፎቅ ደረሰ። አንድ የሕንፃው ሠራተኛ ሊፍት ውስጥ ሞተ።

በእኛ ከተማ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል። ስፕሪንክለር የራሱ ታንከር፣ የራሱ ፓምፕ፣ ፓምፑም የራሱ ጄኔሬተር ከሌለው ጣሪያ ላይ የተሰካ ጌጥ ነው። ታንከሩ ተሠርቶም በድርቅ ወራት ለመጸዳጃ ቤት ሲቀዳ ይታያል። የሚቆም ግድግዳና የሚቆም መስታወት ቫልቭ የለውም፤ የሚከፍተው ሰው አያስፈልገውም። ሁለቱ ተደጋጋፊ ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ጸሐፊው «ለማንኛውም የእሳት አደጋ መኪና በደቂቃዎች ይደርሳል» ማለታቸውም አልገባኝም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት እሳቱን የመቆጣጠሩን ሥራ እንዳከበደው ሁላችንም ሰምተናል።

አምስተኛው ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ ሥጋታቸው እውነተኛ ስለሆነ በክብር መመለስ አለበት። ሙቀት የሚያግደው መስታወት በጣም ውድ ነው፤ የሚመጣውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ከባድም ነው፦ የአንድ ሰዓቱ ዓይነት 23 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት፣ በካሬ ሜትርም 55 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት አለው። 90 ሳንቲ ሜትር በ2.1 ሜትር የሆነ በር ሙሉውን መስታወት ቢሆን 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ማጠፊያውም እንደዚያው ጠንካራ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ግን ወደ ተምፐርድ መሮጥ መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው መስታወቱን ማሳነስ ነው። የደረጃ ቤቱን ከወለል እስከ ጣሪያ በመስታወት ከመሸፈን በሁለት በኩል የተለሰነ ብሎኬት መገንባት፣ በሩን የተፈተሸ የእሳት በር ማድረግ፣ በሩ ላይም በሰርተፍኬቱ መጠን ውስጥ ያለች ትንሽ «ኢ አይ» መስታወት በዓይን ቁመት ማስገባት ይቻላል። ከማዶ የሚመጣው ሰው ይታያል፣ ጭስ ካለም ይታያል፣ ወጪውም ይወርዳል። ብሎኬቱ አገር ውስጥ ይመረታል። የውጭ ምንዛሪ የሚያስፈልገው ለዚያች ትንሽ መስታወት ብቻ ይሆናል።

በዚሁ ነጥብ ሥር «ባለ አንድ ፎቅ ክሊኒክና መዋእለ ሕፃናት ከዚህ ነፃ ናቸው» ተብሏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚፈልገው ምድብ ሐ ውስጥ ያስገባው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑትን ሕንፃዎች ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎችንም በስም ጠርቶ አካትቷል። ራሱን ችሎ የማይሮጥ ሰው ያለበት ሕንፃ ዝቅ ማለቱ ብቻ አያድነውም።

ስድስተኛው፣ የውስጥ አደባባዮችን ጣሪያ አክሪሊክ በተባለው ፕላስቲክ መሸፈን የሚለው፣ ብዙ ክርክር አይፈልግም። ሐምሌ 26 ቀን 1965 ዓ.ም. በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለችው በማን ደሴት የነበረው ሰመርላንድ የተባለ የመዝናኛ ማዕከል ጣሪያና ግድግዳው በሰፊው በአክሪሊክ የተሸፈነ ነበር፤ ሲቃጠል 50 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ከኮንክሪት ስለሆነ አይቃጠልም ለሚለውም አጭር መልስ አለኝ፤ የሚቃጠለው በውስጡ ያለው ስፖንጅ፣ መጋረጃ፣ ልብስ፣ ፕላስቲክና የእንጨት ማስዋቢያ ነው፤ ሰውን በቅድሚያ የሚገድለውም ጭሱ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሰነዱ የተሟላለት መስታወት እንኳ የተሠራው ለሌላ አየር ጠባይ ሊሆን ይችላል። የሲሊኬት ንብርብር አልትራቫዮሌት ጨረርና ከፍተኛ ሙቀት አይወድም፤ አምራቾች በተለምዶ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ ያስጠነቅቃሉ። የእኛ ዕቃ ደግሞ በበጋ ጂቡቲ ወደብ ላይ፣ ፀሐይ በሚደበድበው ኮንቴይነር ውስጥ ይከርማል፤ ከዚያ በአፋር ቆላ አድርጎ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣል። ተደራርቦ በጥንድ የታሸገ መስታወት በባሕር ጠለል ላይ የተዘጋ አየር በሆዱ ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ሁለቱ መስታወቶች ወደ ውጭ ይነፋሉ፣ ማሸጊያቸውም ይወጠራል። ስለዚህ ለውጭ ግድግዳ የሚሆነው መስታወት በፀሐይ በኩል ጨረሩን የሚያጣራ ተጨማሪ ንብርብር እንዲኖረው፣ ጥንዱም ለምንገጥምበት ከፍታ ታስቦ እንዲታሸግ በትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት። ዕቃው ሳይት ሲደርስ ቆሞ፣ በደረቅና ጥላ ባለበት መቀመጥ አለበት። የትኛው ገጹ ወደ እሳቱ ወይም ወደ ፀሐይ እንደሚዞር ምልክቱ ሳይነበብ ማንም እንዳያነሣው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ። በጽሑፋቸው መጨረሻ ባለው ሰንጠረዥ የደረጃ ቤት ከሚለው ትይዩ «12 ሚሊ ሜትር ተምፐርድ፣ አሉሚኒየም ፍሬም» የሚል ተቀምጧል። ሰንጠረዡ ከጽሑፉ ተነጥሎ እየተላለፈ ነው፤ ወጣት መሐንዲሶችም በሥራ ዝርዝራቸው ላይ እየገለበጡት ነው። ሌላውን ነጥብ ስንከራከርበት እንቆይ፤ ያቺን አንድ መስመር ግን ዛሬውኑ ያንሡልን።